ፊታችሁን ለማቅላት ከመክፈላችሁ በፊት፦ ጥቁረታችን ለቆዳችን ቅባት የሚሠራው ሥራ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማቅሊያ ክሬም ነው። ግን ከክሬሙ በፊት ስለ ዘይትና ስለ ቅቤ እናወራለን። ትንሽ ታገሱኝ፣ መጨረሻ ላይ ይገናኛል።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። እዚሁ ሀዋሳ አንድ ጓደኛ አለችኝ። ጠይም ናት፣ ጉንጯ ላይ ትንሽ ማዲያት ነበረባት። የዛሬ ዓመት ገደማ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ገብታ ስትጠይቅ ሻጯ «የኔ ቆንጆ፣ ይቺን ማታ ማታ ተቀቢ፣ በሁለት ሳምንት ራስሽን አታውቂውም» ብላ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ብልቃጥ ሰጠቻት። «ሚክስ» የሚሉት ነው። እውነትም በሁለት ሳምንት ቀላች። ሰው ሁሉ «አምሮብሻል» አላት።

በሁለተኛው ወር ግን ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል በእግሯ ሄዳ ስትመለስ ፊቷ እንደ በርበሬ ነደደ። ማዲያቱም ተመልሶ መጣ፣ ያውም ሰፍቶ። «ፀሐይዋ ጠላችኝ መሰለኝ» አለችኝ። ሀዋሳ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት እኮ! ያቺው ፀሐይ ናት። ታዲያ ምን ተቀየረ?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ጥያቄው አላስተኛ ስላለኝ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን በቀላሉ ላስረዳችሁ።

ዘይት ፀሐይ ላይ ሲውል ምን ይሆናል?

የሰፈር ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚውል የላስቲክ ጠርሙስ ዘይት አይታችሁ ታውቃላችሁ። ከቆየ በኋላ ስትከፍቱት ይሸታል፣ ስትቀምሱት ጉሮሮ ይከረክራል። እናቶቻችን «ተበላሽቷል» ብለው ይደፉታል። ቅቤም እንደዚያው ነው። ቢጫ ለጋ ቅቤ ብርሃን ላይ ብታስቀምጡት ላዩ እየነጣ ይሄዳል፣ ሽታውም ይቀየራል። ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለች ሰው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል።

ይህ ኦክሲዴሽን ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ኃይል ይዞ ይመጣል። ያ ኃይል በአካባቢው ያለውን ኦክስጅን ወደ ቁጡ ዓይነት ሊቀይረው ይችላል። ቁጡው ኦክስጅን አንዱን የቅባት ሞለኪውል ያጠቃል። የተጠቃው ሞለኪውል ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ የጎደለውን ከጎረቤቱ ይነጥቃል። ጎረቤቱም ከቀጣዩ ጎረቤት ይነጥቃል። ልክ እንደ ሰደድ እሳት ነው፤ አንዴ ከተለኮሰ በራሱ ይቀጥላል። እንዲህ የሚነጥቁት ሞለኪውሎች ፍሪ ራዲካል ይባላሉ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቅቤ ውስጥ ቀለም ያላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ቢጫ የሚያደርገው ካሮቲን ነው፤ ብርሃኑን ተቀብሎ እሳቱን ያበርዳል፣ እየከሰመ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ሌላው ሪቦፍላቪን የሚባለው ቫይታሚን ነው፤ እሱ ደግሞ ብርሃኑን ተቀብሎ ለኦክስጅን ያቀብላል፣ ማለትም እሳቱን ይለኩሳል። ቀለም ብርሃንን መምጠጡ ብቻውን ጥሩ ወይም መጥፎ አያደርገውም። ወሳኙ የመጠጠውን ኃይል ምን ላይ አዋለው የሚለው ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ቆዳችንም ቅባት አለው

ፊታችን ሲያብለጨልጭ የምናብሰው ወዝ ቅባት ነው። ከዚህ ወዝ ውስጥ 12 በመቶ ገደማ የሚሆነው ስኳሊን የሚባል ቅባት ነው። ስኳሊን በተፈጥሮው በቀላሉ የሚጠቃ ስለሆነ ፀሐይ ሲወጣብን ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። የተበላሸው ስኳሊን ቆዳ ላይ ያሉ ቀዳዳዎችን በመድፈንና ቆዳን በማስቆጣት ለብጉር መንገድ ይከፍታል።

ከሥር ደግሞ ሌላ አለ። እያንዳንዱ የቆዳ ሴል ተጠቅልሎ የተቀመጠው በስስ የቅባት ሽፋን ውስጥ ነው። ያ ሽፋን በኦክሲዴሽን ሲቀደድ ሴሉ ይታመማል። ከተበላሸው ቅባት የሚወጡት ቁርጥራጮችም ወደ ውስጥ ገብተው ፕሮቲንን ዲኤንኤን ይጎዳሉ። መቅላት፣ ማቃጠል፣ ያለ ዕድሜ መጨማደድ፣ ሲብስ ደግሞ የቆዳ ካንሰር በከፊል ከዚህ ይጀምራሉ።

ስለዚህ የሱቁ ዘይትና የእናንተ ጉንጭ አንድ ዓይነት ችግር አለባቸው ማለት ነው።

ቡናማው ጠርሙስ

የመድኃኒት ሽሮፕ ጠርሙስ ለምን ቡናማ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ብርሃን ውስጡን እንዳያበላሸው ነው። ቆዳችንም የራሱን ቡናማ ጠርሙስ ይሠራል። ስሙ ሜላኒን ነው።

ሜላኒን የሚመረተው ሜላኖሳይት በሚባሉ ሴሎች ነው። ተመርቶ ሲያልቅ ለአካባቢው የቆዳ ሴሎች ይታደላል። እነሱም ተቀብለው ኒውክለሳቸው ላይ፣ ዲኤንኤው ባለበት፣ ልክ እንደ ባርኔጣ ይደፉታል። ፀሐይ በምትመጣበት በኩል ያለ ባርኔጣ!

ሥራው ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ጨረሩን ይመጥጣል። ጥቁሩ የሜላኒን ዓይነት ከመጠጠው የአልትራቫዮሌት ኃይል ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ሙቀት ቀይሮ ይጥለዋል። ለኦክስጅን አያቀብልም።

ሁለተኛ፣ አምልጠው የተፈጠሩትን ፍሪ ራዲካሎች ይይዛል። ያ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚሄደው ንጥቂያ እሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ሦስተኛ፣ ብረትን ያስራል። በሰውነታችን ውስጥ ልቅ የሆነ ብረት የቅባትን መበላሸት ያፋጥናል፤ ሜላኒን ግን ይዞ ያስቀምጠዋል።

በቁጥር እንየው። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት የጥቁርና የነጭ ሰዎችን የላይኛውን የቆዳ ክፍል ወስዶ ስንት ጨረር እንደሚያሳልፍ ለካ። ቆዳ ከሚያቃጥለው ዩቪ ቢ ጨረር ውስጥ በነጮቹ ቆዳ አልፎ የገባው በአማካይ 24 በመቶ ሲሆን በጥቁሮቹ ግን 7.4 በመቶ ብቻ ነበር። ጠለቅ ብሎ የሚገባው ዩቪ ኤ ደግሞ በነጮቹ 55 በመቶ፣ በጥቁሮቹ 17.5 በመቶ አለፈ። እንደ ፀሐይ መከላከያ ክሬም ቢቆጠር የጥቁሮቹ ቆዳ ኤስፒኤፍ 13 ገደማ፣ የነጮቹ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ገደማ ነው።

በነፃ! በየቀኑ ሳትቀቡት!

ግን ቁጥሩን በደንብ እዩት። ዜሮ አይደለም። ከዩቪ ኤው ከስድስት አንድ የሚሆነው በጥቁር ቆዳም ያልፋል። «እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ ምንም አታደርገንም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

ደግሞ እኛ ራሳችን አንድ ቀለም አይደለንም። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የምንለው ያለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም የተሳተፈበት ጥናት ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና የመጡ ከ1,500 በላይ ሰዎችን የቆዳ ቀለም ለክቶ ከጂናቸው ጋር አስተያየ። ውጤቱ አፍሪካ ውስጥ ያለው የቆዳ ቀለም ልዩነት ሰፊ መሆኑን፣ ቆዳን የሚያቀሉም የሚያጠቁሩም ጂኖች እኛው ጋ እንዳሉ አሳየ። ስለዚህ ጠርሙሱ የሁላችንም እኩል አልጠቆረም። ቀላ ያለው ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

የሀዋሳ ፀሐይ ቀላል አይደለችም

ሐይቁ ነፋሻ ስለሆነ ሙቀቱ ብዙም አይሰማንም። ግን ሙቀትና አልትራቫዮሌት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የሚያጣራው አየር ስለሚሳሳ ነው። በዚያ ላይ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መጋቢት መጨረሻና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ቀጥ ብላችሁ ብትቆሙ ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ይገባል። በሌላውም ጊዜ ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ብዙም አትርቅም። ስስ ደመናም አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል፣ ስለዚህ «ዛሬ ደመና ነው» ማለት አያድንም።

ዓሣ አጥማጁ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሐይቁ ዳር ካሜራ አንግቶ ፎቶ የሚያነሳው ልጅ፣ ቆሎና ማስቲካ አዟሪው፣ ሁሉም ቀኑን ሙሉ እዚህ ጨረር ውስጥ ነው የሚውሉት። የመኪና የጎን መስታወትም ዩቪ ቢን ቢያስቀር ዩቪ ኤን በአብዛኛው ያሳልፋል፤ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጥግ መቀመጥም ሙሉ መከለያ አይደለም።

ሜላኒንም ሁለት ፊት አለው

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሱ? ቀለም ብርሃንን ከመጠጠ በኋላ ኃይሉን ምን ላይ እንደሚያውለው ነው ወሳኙ።

ሜላኒን ሁለት ዓይነት ነው። ጥቁር-ቡናማው ዩሜላኒን ይባላል። ቢጫ-ቀዩ ደግሞ ፊዮሜላኒን። ሁላችንም ሁለቱም አሉን፣ መጠኑ ነው የሚለያየው። ቀይ ፀጉር ያላቸው ፈረንጆች ፊዮሜላኒን ይበዛባቸዋል።

በላቦራቶሪ ሙከራዎች ዩሜላኒን ብርሃን ቅባት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሲቀንስ፣ ፊዮሜላኒን ግን፣ በተለይ ብረት ባለበት፣ ጉዳቱን ሊያባብስ እንደሚችል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የአይጥ ጥናት ደግሞ የበለጠ የሚያስገርም ነገር አገኘ። ፊዮሜላኒን የሚያመርቱት ቀይ አይጦች ቆዳ ውስጥ፣ ምንም አልትራቫዮሌት ሳይነካቸው፣ በቅባትና በዲኤንኤ ላይ የደረሰው የኦክሲዴሽን ጉዳት ሜላኒን ፈጽሞ ከሌላቸው ነጭ አይጦች ይበልጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሳይንስ ላይ የወጣ ሌላ ጥናት፣ አልትራቫዮሌት ሜላኒንን ሲሰባብረው ከስብርባሪው የሚወጣ ኃይል ፀሐይዋ ከሄደች በኋላም ለሰዓታት ዲኤንኤን መጉዳቱን እንደሚቀጥል አሳየ። በጨለማም ጭምር!

ይህ ማለት ሜላኒን መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ጋሻ ነው፤ ግን ጋሻም ብዙ ከተመታ ይሰነጠቃል።

ታዲያ ክሬሞቹ ምንድን ነው የሚያደርጉት?

አብዛኞቹ ማቅሊያዎች አንድ ቦታ ላይ ነው የሚመቱት። ሜላኒን እንዲመረት ታይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያስፈልጋል። ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰው ማሽን በሉት። እሱን ማቆም ማለት ጋሻውን ማቆም ማለት ነው።

ሃይድሮኩዊኖን ይህን ኢንዛይም ያግዳል። ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ሊያዘው ይችላል። ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ኦክሮኖሲስ የሚባል፣ ለማስለቀቅ በጣም የሚያስቸግር ሰማያዊ-ጥቁር ጠባሳ ሊያመጣ ይችላል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋቢያዎች ውስጥ ያገደችው በዚህ የተነሳ ነው።

ሜርኩሪም ኢንዛይሙን ያቆማል፤ ግን በቆዳ ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ነው። ሚናማታ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ወስኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ያቺንም መጠን አንስቶ ሙሉ በሙሉ እንዲቆም ተስማምተዋል። አንድ ምልክት ልስጣችሁ፦ ክሬሙ ላይ «ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከአሉሚኒየም ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል።

እንደ ክሎቤታዞል ያሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች ደግሞ ቆዳውን ያሳሳሉ። ቆዳ ሲሳሳ ደም ስሮቹ ይታያሉ፣ «ቀላሁ» ትላላችሁ።

ቲክቶክ ላይ የሚወራለት ግሉታታዮንስ? በኪኒንም በመርፌም ይሸጣል። ያቀላል የሚባልበት አንዱ መንገድ ምርቱን ከዩሜላኒን ወደ ፊዮሜላኒን በማዞር ነው። እስቲ ቅድም ያነበባችሁትን አስታውሱና ራሳችሁ ፍረዱ።

አሁን የጓደኛዬ ነገር ገባኝ። ፀሐይዋ አልተቀየረችም፤ የተቀየረው ጠርሙሱ ነው። ጋሻው በሳሳ ቆዳ ላይ የሀዋሳ እኩለ ቀን ሲያርፍ፣ ቅባቱ ይበላሻል፣ ቆዳው ይቆጣል። የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ለመከላከል ሲል በድንጋጤ ሜላኒን ይረጫል። ያ ነው ማዲያቱን ያሰፋው ሊሆን የሚችለው። እሷም ማዲያቱ ሲሰፋ ተጨማሪ ክሬም ገዛች። ዙሩ እንዲህ ነው የሚቀጥለው።

ያለ ጋሻ የሚኖሩ ወገኖቻችን

ሜላኒን ምን እንደሚሠራ በደንብ የሚያውቁት አልቢኒዝም ያለባቸው ወንድሞችና እህቶቻችን ናቸው። ሲወለዱ ጀምሮ ሰውነታቸው ሜላኒን አያመርትም፣ ወይም በጣም ትንሽ ነው የሚያመርተው። እርግማንም ተላላፊ በሽታም አይደለም፣ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ ጂን ነው። በእኛ ዓይነት ፀሐይ ሥር ቆዳቸው በወጣትነታቸው ይጎዳል፣ ለቆዳ ካንሰርም በጣም የተጋለጡ ናቸው። ለእነሱ የፀሐይ መከላከያ ክሬም መዋቢያ ሳይሆን መድኃኒት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጁን 13ን (ሰኔ 6) የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

አንዱ ያጣውን ጋሻ በገንዘቡ ክሬም እየገዛ ሊተካ ይለፋል፤ ሌላው ያለውን ጋሻ በገንዘቡ ክሬም እየገዛ ያወልቃል። እኔን ያስቆጨኝ ይህ ነው።

ምን እናድርግ?

• ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ በተቻለ መጠን ጥላ ፈልጉ። ሥራችሁ ውጭ ከሆነ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ። ጃንጥላ መያዝ የአሮጊት ነገር አይደለም፣ እናቶቻችን ትክክል ነበሩ።

• አቅም ካላችሁ ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዩቪ ኤንም የሚከላከል የፀሐይ ክሬም ተቀቡ፣ ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። ማዲያት ላለበት ሰው ቡናማ ቀለም ያለው ይሻላል፤ ማዲያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ስለሚቀንስ ነው።

• ቫዝሊንና ቅቤ የፀሐይ መከላከያ አይደሉም። ቫዝሊን ቆዳን ያለሰልሳል እንጂ ጨረር አያግድም። ቅቤማ ራሱ ፀሐይ ላይ ይበላሻል።

• ምንም ያልተጻፈበት ብልቃጥ አትግዙ። ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም ላያውቅ ይችላል።

• ማቅሊያ ለወራት ስትቀቡ ከቆያችሁ በራሳችሁ በአንድ ጊዜ አታቁሙ። ስቴሮይድ ካለበት ቆዳው ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ብልቃጡንም ይዛችሁ ሂዱ። አትፈሩ፣ እነሱ በየቀኑ የሚያዩት ነገር ነው።

• ዘይታችሁንም ከፀሐይ አንሱት! ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ቀስ በቀስ እያስተዋት ነው፣ ማዲያቱም ገና አልለቀቀም። ባለፈው እሁድ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ስንገናኝ ትልቅ የሰሌን ባርኔጣ አድርጋ መጣች። ሳቅኩባት። «አንተም ግዛ» አለችኝ፣ «የአንተም ኤስፒኤፍ 13 ብቻ ነው»።

ገዛሁ።

ይህን ጽሑፍ ማቅሊያ ለመግዛት እያሰበች ላለች እህታችሁ፣ ወይም «ፀሐይ አይነካኝም» ለሚል ወንድማችሁ ላኩላቸው።